አዲስ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ሲመረጥ ወላጅ ድምፁን እንዴት ያሰማል?

ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ኢሜይል ብዙዎቻችን ከፍተን አናነበውም። ይረዝማል፣ እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ከሥራ የምንገባውም ደክሞን ነው። አንድ ቀን ግን «ሱፐርኢንቴንደንታችን ሊለቁ ነው» የሚል ይመጣል። እሱን እንዳታልፉት።

እዚህ አሜሪካ ሱፐርኢንቴንደንት የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁሉ የበላይ ኃላፊ ነው። ልጃችሁን ክፍል ገብቶ አያስተምርም፤ ነገር ግን የርእሰ መምህራኑ አለቃ ነው። በጀቱን የሚያዘጋጀውም፣ የትኛው ትምህርት ቤት ይዘጋ የሚለውን ሐሳብ ይዞ የሚመጣውም እሱ ነው። ሲያትል ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት አለብን ተብሎ፣ እስከ 21 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይዘጉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ወላጆች ተቆጡ፣ ስብሰባዎቹን ሞሉ። ቁጥሩ ወደ 4 ወረደ፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ ጭራሹን ቀረ። እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶ ከማባረር ሐሳቡን የሚያመጣው ሰው ሲመረጥ እዚያ መገኘት ይሻላል።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ።

1. ወሳኙ ማን እንደሆነ እወቁ

ይህ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ሲያትል ውስጥ የሚቀጥረው ሕዝብ የመረጠው የትምህርት ቤት ቦርድ ነው፤ ሰባት አባላት አሉት። አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያም የሚቀጥረው የተመረጠ ቦርድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን ሌላ ነው። እዚያ ኃላፊው ቻንስለር ይባላል፣ የሚሾመው ከንቲባው ነው፣ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ ያጸድቃል። ከንቲባው ከመሾሙ በፊት ወላጆች፣ መምህራንና ተማሪዎች ያሉበትን ቡድን እንዲያማክር ሕጉ ያዛል። ኒውዮርክም ሥልጣኑ የከንቲባው ነው።

ይህን ሳታውቁ ከጀመራችሁ ድካማችሁ ውሃ ይበላዋል። ዲሲ ሆናችሁ ለቦርድ አባል ደብዳቤ ብትጽፉ ቻንስለሩን የሚሾመው እሱ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ፦ «ዜጋ አይደለሁም፣ ያገባኛል?» አዎ፣ ያገባችኋል። መጠይቅ ለመሙላት፣ ስብሰባ ላይ ለመናገር፣ ደብዳቤ ለመጻፍ ዜግነት የሚጠይቃችሁ የለም። ድምፅ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዲሲ ከ2024 ጀምሮ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም በከተማው ምርጫ መምረጥ ችለዋል፤ ኮንግረስ ሕጉን ሊሽረው ስለሞከረ ከምርጫው በፊት አረጋግጡ። ሲያትልና አሌክሳንድሪያ ግን አይፈቀድም። ዜጋ ሳይሆኑ እዚያ መምረጥ የግሪን ካርድና የዜግነት ጉዳያችሁን ሊያበላሽ ስለሚችል በፍጹም እንዳትሞክሩት።

2. ዝርዝሩ ሲጻፍ ድረሱ

ከሁሉም በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ብዙዎቻችን የምንነቃው ስም ሲነገር ነው። ያኔ ረፍዷል። ሥራው የሚጀመረው ከወራት በፊት ነው። ሲያትል ውስጥ የቀድሞው ሱፐርኢንቴንደንት እንደሚለቁ የተናገሩት በማርች 2025 ነበር፣ ተተኪያቸው የታወቁት በኖቬምበር ነው። በመሃል ስምንት ወር አለ።

በተለምዶ ቦርዱ መጀመሪያ ሰው ፈልጎ የሚያቀርብ አማካሪ ድርጅት ይቀጥራል። ድርጅቱ መጠይቅ ይበትናል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ «ምን ዓይነት ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ የሚወጣው ዝርዝር የሥራ ማስታወቂያው ይሆናል። አመልካቾች የሚጣሩት በሱ ነው፣ የቃለ መጠይቁ ጥያቄም የሚወጣው ከሱ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ነገር በኋላ አይጠየቅም።

የመጀመሪያ ስብሰባዬን አልረሳውም። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፣ የልጆች ትንንሽ ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ተቀምጠን። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ጥሩ አድማጭ»፣ «በጀት የሚያውቅ»፣ «መምህር የነበረ»። የምንመርጠው ላይ እንድንለጥፍ ሦስት ሦስት ክብ ቀይ ስቲከር ታደለን። የአማርኛው ጠረጴዛ ላይ አራት ነበርን። አጠገቤ ያለችው እናት ስቲከሮቿን ይዛ ቀረች። «እኔ የምፈልገው እዚህ የለም» አለች። ምንድን ነው ስንላት፣ ልጇ ሲቀጣ የመጣውን ደብዳቤ ያነበበላት ራሱ የተቀጣው ልጅ መሆኑን ነገረችን። አስተርጓሚው ይህን በእንግሊዝኛ ባዶ ወረቀት ላይ ጽፎ ለጠፈው። ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀቱ በቀይ ተሞልቷል፤ ከሶማሊኛውና ከስፓኒሹ ጠረጴዛ እየተነሡ መጥተው ለጥፈውበታል። ከወር በኋላ የወጣው ማስታወቂያ ላይ ከወላጆች ጋር በቋንቋቸው መነጋገርን የሚመለከት አንድ መስመር ነበረበት።

መጠይቁንም ሙሉ። በአማርኛ ካልመጣላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሊንኩን የቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም የመስጊዳችሁ፣ የእድራችሁ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት። ቤት ውስጥ ስማርት ስልክ የማይነካኩ እማማ ካሉ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ሙሉላቸው። የልጅ ልጅ የሚያሳድጉት እኮ እሳቸው ናቸው።

3. አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ

ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛንም ያካትታል። ሌላም ከተማ ብትሆኑ ትምህርት ቤቱ ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ ስላለበት ይሉኝታ አይያዛችሁ። ስብሰባው ሊደርስ ሲል ሳይሆን ቢያንስ ሳምንት ሲቀረው በኢሜይል ጠይቁ፤ ኢሜይሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀመጥላችኋል። ስትናገሩ በአስተርጓሚ ከሆነ ሰዓቱ እንዲታከልላችሁም ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ተሰጥቷችሁ ግማሹን አስተርጓሚው ከወሰደው ምኑን ተናገራችሁት?

4. አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ

ስብሰባ ላይ ስንነሣ «በመጀመሪያ ይህን እድል ስለሰጣችሁን…» ብለን ጀምረን ሰላምታው ሳያልቅ ደወሉ ይደወላል። አንድ ጉዳይ ምረጡ። በቤታችሁ የደረሰውን በሦስት አረፍተ ነገር ንገሩ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ጠይቁ። እንዲህ፦

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛ የሚያግዛት መምህር በዓመቱ መሃል ለቆ ሌላ አልተተካም። የማነበው ነገር ስላልመጣልኝ ይህን ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። አዲሱ ኃላፊ በሠራበት ከተማ እንደ ልጄ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆችን መምህራን እንዴት እንዳቆየ ጠይቁልን።»

በጽሑፍ ያዙት፣ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ጽሑፉን ለቦርዱ አባላት በሙሉም በኢሜይል ላኩት።

5. እጩዎቹን የነበሩበት ከተማ ድረስ ተከተሏቸው

አንዳንድ ከተማ የመጨረሻ እጩዎችን ስም ይፋ ያደርጋል። ሲያትል በ2018 ሦስት እጩዎችን ሕዝብ ፊት አቅርቦ ነበር። አንዳንዱ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይደብቃል፤ አመልካቾች አሁን ያሉበት ሥራ እንዳይበላሽባቸው ይሰጋሉ። የእጩዎቹ ፍርሃት ይገባኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሰዎች ግን መታየት አለባቸው ባይ ነኝ።

ስም ከወጣ የሥራ ታሪካቸው ወረቀት ላይ አትቁሙ። የነበሩበትን ከተማ ጋዜጣ ስማቸውን አስገብታችሁ ፈልጉ። እዚያ ከተማ ሐበሻ አይጠፋም፤ የምታውቁት ካለ ደውሉ። «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀድሞ ነገራችሁ? መምህራኑ ምን ይሉታል? ለምን ለቀቀ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንዲህ የምለው በምክንያት ነው። በ2018 የዲሲው ቻንስለር ከሥራ ለቀቁ፤ ከ600 በላይ ተማሪዎች ወረፋ የሚጠብቁበት ትምህርት ቤት ልጃቸው ተራ ሳትይዝ ገብታ ነበር። ለባለሥልጣን ልጅ እንዲህ ያለ አድልዎ እንዳይደረግ የሚከለክለውን ደንብ ያወጡት ደግሞ ራሳቸው ነበሩ። ሥራ ከጀመሩ ገና ዓመት አልፏቸው ነበር። ከተማው እንደገና ፍለጋ ገባ፣ ቀጣዩ ቻንስለር ሉዊስ ፈረቢ ከኢንዲያናፖሊስ መጥተው በምክር ቤት የጸደቁት በ2019 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ናቸው።

6. ውሉን አንብቡ

ቦርዱ በቅጥሩ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ምሽት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ነገሩ ቀድሞ አልቋል። ስብሰባው ግን ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ውሉም የሕዝብ ሰነድ ነው። ደመወዙን ሁሉም ሰው ያያል። እናንተ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ኃላፊው በየዓመቱ የሚገመገመው በምንድን ነው? ውሉ የሚታደሰውስ መቼ ነው? እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ውጤትና ከወላጆች ጋር ያለው ግንኙነት መገምገሚያው ውስጥ ከሌለ እንዲገባ ጻፉ። የሚታደስበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፣ ሁለት ወር ሲቀረው እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ።

አዲሱ ሰው ሥራ ሲጀምር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተማውን ይዞራል። እናንተ ጋ እንዲመጣ ጥሩት። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ አዳራሹን አዘጋጁ፣ ቡናውን አፍሉ፣ የቀይ ስቲከሩን ወረቀት ፎቶ አሳዩት።