ከሰፈራችሁ ጎን አዲስ ሳይት ሊሸነሸን ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ዘንድሮ ጤፍ የተዘራበት ማሳ ከሁለት ክረምት በኋላ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኖ ይገኛል። ቡሬም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ ሞጣም ያው ነው። ከተማው ይሰፋል፣ ለማህበር ቤት ቦታ ይፈለጋል። ሽንሸናው ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው ቀበሌ አዳራሽ ይጠራና «አስተያየት ስጡ» ይባላል። እኔ ሁለት ጊዜ ተጠርቻለሁ። የመጀመሪያውን በገዛ እጄ አበላሽቼዋለሁ።

ችካል ከተተከለ በኋላ መንቃት

ማስታወቂያው ቀበሌው በር ላይ ተለጥፎ ነበር። አይቼው አለፍኩ። ያው ስብሰባ ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ ብዬ። ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ከአጥሬ ማዶ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተደርድረው አየሁና ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ባለሙያው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ጸድቋል እኮ» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከተማ የሚመራው በመዋቅራዊ ፕላን ነው። ከእሱ ሥር ለየአካባቢው ዝርዝር ፕላን ይወጣል። መንገዱ የት እንደሚያልፍ፣ ቤቱና አረንጓዴው የት እንደሚያርፍ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ህዝቡ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይላል። መሳተፍ የሚጠቅመው ግን ረቂቁ ረቂቅ እያለ ነው። ካርታ ከታደለ በኋላ አንድ መንገድ ሦስት ሜትር ማዛወር የስንቱን ሰው ቦታ መንካት ነው። ማን ይደፍራል?

«ሰው አይምጣብን» ማለት

በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንዲት የሰፈራችን እናት ተነሡ። ከየት እንደመጣ የማናውቀው ሰው ሊሰፍርብን ነው፣ ሰላማችን ሊደፈርስ ነው አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከኋላ አንድ መምህር እጁን አወጣ። «እትዬ፣ እኔ እኮ እርስዎ ግቢ ተከራይቼ አራት ዓመቴ ነው። ማህበሩ ውስጥ አለሁበት» አላቸው። ሳቁ ሲበርድ ግማሽ ሰዓታችን ሄዶ ነበር።

ፕላን የሚገመግም ሰው ማን ጎረቤታችሁ እንደሚሆን አይወስንም። በመንገድ፣ በውሃ፣ በትምህርት ቤት ቦታ፣ በክፍት ቦታ ላይ ግን መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄያችሁን እዚያ ላይ አድርጉት።

ፕላኑ ላይ የራስን ቤት ብቻ መፈለግ

ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሁሉም ተጋፍቶ ጣቱን የራሱ ጣራ ላይ ያሳርፋል። «እኔን አልነካኝም» ይልና ይቀመጣል። የሚነካችሁ ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዲሱ መንገድ መጨረሻው የት ነው? ወደ አዲሱ ሳይት አሸዋና ድንጋይ የጫነ መኪና እንዲያልፍ የታሰበው በእኛዋ ጠባብ ኮብልስቶን ነበር። አረንጓዴ የተቀባውንም እዩ። የእኛ «የልጆች መጫወቻ» ገደል ሆኖ ተገኘ! ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቦታውን በእግር ዙሩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

«ጎርፍ ያጥለቀልቀናል» ብሎ መቀመጥ

ይህን ሁሉም ይናገራል፣ ማንም አይጽፈውም። ለምን? ምን ያህል ጎርፍ፣ ከየት ወዴት የሚል ነገር የለበትማ። ቁጥር ስጡት።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሐምሌ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል 4,000 ሊትር ይሆናል። 200 ቤት ከሆነ 800,000 ሊትር። 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ብትቆጥሩት 80 ቦቴ ነው፣ ያውም መንገዱና ግቢው ሳይቆጠር። ይህን ወረቀት ላይ አስልቼ ሳነብ አዳራሹ ዝም አለ። ባለሙያውም ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶ አነሣ።

«ድሮስ ማሳ ነበር፣ ድሮም ይዘንብ ነበር» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ዋልካ መሬት ክረምት ላይ ከጠገበ በኋላ ውሃ መዋጥ ያቆማል። ሆኖም ገበሬው ቂል አይደለም። ማሳውን በፈሰስ፣ ማለትም በውሃ መውረጃ ቦይ ይቀደዋል፣ ውሃውን እያዘገየ ወደ አንድ ጥግ ይመራዋል። ሽንሸና ሲመጣ ፈሰሱ ይደፈናል። ፕላኑ ላይ ደግሞ ፈሰስ የሚባል ምልክት የለም። የሚያውቁት ያረሱት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እኛ ዘንድ ያን መሬት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያረሱ አንድ አያ አሉ። ስብሰባ ላይ አይናገሩም። ከአዳራሹ ስንወጣ ግን በከዘራቸው አፈሩ ላይ መስመር ሰመሩ። «ውሃው እዚህ ይመጣል፣ እዚህ ይዞራል፣ እዚህ ዋርካዋ ሥር ይገናኛል።» ዋርካዋ ሥር ፕላኑ የሚያሳየው አራት ቤት ነው። ያቺን የአፈር ላይ ሥዕል አንድ ልጅ ፎቶ አነሣት። ከደብዳቤያችን ጋር አያይዘናታል።

የካሳን ጉዳይ ከሰፈር ጉዳይ ጋር መደባለቅ

መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬና ከጎኑ የሚኖረው ሰው ጥያቄያቸው አንድ አይደለም። አንድ ላይ ሲጮሁ የሚጎዳው ገበሬው ነው፣ የእሱ ነገር ቀን ይቆጠርበታልና። በመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 (በኋላ ማሻሻያ ወጥቶለታል) መሠረት ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ሊያወያዩት ይገባል። ምትክ መሬት ሳይሰጠው በቋሚነት ከተነሣ ደግሞ የልማት ተነሺ ካሳው የሚሰላው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ቅሬታ ካለው የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማቅረብ አለበት። የሰፈር ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ ማለት አቤቱታ አቅርቤያለሁ ማለት አይደለም። ይህን ሳያውቅ 30ው ቀን ያለፈበት ሰው አይቻለሁ፤ ዝርዝሩን ልተወው።

ተናግሮ መሄድም ያው ነው። የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታዩ አትፈርሙ። በማግስቱ ያንኑ በደብዳቤ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቀሪው ላይ ማህተምና ቁጥር አስመቱ። ስብሰባው የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ቀኑ ይቀየር በሉ። ያለዚያ ሴቶቹ አይመጡም፤ የትኛው ቧንቧ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«በኋላ ይሠራል» የሚለውን መቀበል

ይህ ቃል ጣፋጭ ነው። መብራቱ በኋላ፣ መንገዱ በኋላ፣ የውሃ መውረጃው በኋላ። እኛም ልንቀበለው ነበር። ያ መምህር ነው የያዘን። ቤቱን የሚሠራው እሱ፣ ውሃው የሚገባው እኛ ቤት፤ ግን «ቱቦው የሚቀበረው መሠረት ከመውጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይጻፍልን» ያለው እሱ ነው።

ባለሙያው በነሐሴ ዝናብ ቦት ጫማ አድርጎ መጣ። አያ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱለት። አሁን ፕላኑ ላይ ዋርካዋ ሥር ሰማያዊ መስመር አለ፣ አራቱ ቤት ሁለት ሆነዋል። «ከመሠረት በፊት» የሚለውም ተጽፏል። ቱቦው ግን እስካሁን አልመጣም። ትናንት ሳልፍ ሁለት ሲኖትራክ ድንጋይ ተራግፎ አየሁ፤ ነገ ጠዋት ቀሪውን ደብዳቤ ይዤ ማዘጋጃ ቤት ነኝ።