ችፌ ያለበትን ልጅ «አይገባውም» ከማለታችን በፊት

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። አምና አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሒሳብ ሲሠራ ቁጥር ይዘላል። የነገርኩትን ወዲያው ይረሳል። ማስመሪያውን ጠረጴዛ ስር አስገብቶ የጉልበቱን ጀርባ ሲፈትግ ይውላል። አንድ ቀን ደብተሩ ጠርዝ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁና ቀለም መስሎኝ ተቆጣሁት። ደም ነበር።

እናቱን አስጠራሁ። «ቲቸር፣ ሌሊት እኮ እንቅልፍ የሚባል የለም» አለችኝ። እጁ ላይ ካልሲ አስራ ነው የምታስተኛው። ጠዋት ካልሲው አልጋ ስር ይገኛል፣ አንሶላው ደም ነክቶታል። እኔ ስለ ቤት ሥራው ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ስለ ሌሊቱ ግን አንዴም አልጠየቅኋትም። ልጁ ችፌ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ስለ ችፌ ከሐኪምም ከወላጅም እየጠየቅሁ የሰበሰብኳቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው። ግማሾቹ የራሴ ናቸው።

«ጭንቅላቱ አይቀበልም»

ችፌ የቆዳ በሽታ ነው፤ ልጅን ደደብ አያደርግም። ችግሩ ማሳከኩ ሲመሽ መባሱ ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሰውነት ይሞቃል። ቀን ሐሳብ የሚከፋፍለው ጨዋታና ጫጫታም የለም። ልጁ ባይነቃ እንኳ እንቅልፉ እየተቆራረጠ ያድራል። ቀን የተማረው ነገር አእምሮው ውስጥ የሚደላደለው ደግሞ ተኝቶ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ከእኛ ሰፈር እየሄዱ መሀል ከተማ የሚማሩት ልጆች ሰርቪስ ለመጠበቅ በጨለማ ነው የሚነሱት። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ልጅ ላይ ይህ ሲጨመርበት አስቡት።

ቀንም ቢሆን ማሳከክ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ ወንበር ላይ ሁለት አስተማሪ እንደማለት ነው። አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላው ቆዳው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ቆዳው ነው።

በ2024 ጃማ ደርማቶሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ችፌ ያለባቸው ልጆች ላይ የመማርና የማስታወስ ችግር ከሌሎቹ ይበልጥ መታየቱን ጽፏል። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ግን በተለይ ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር ወይም የመማር እክል በነበረባቸው ልጆች ላይ ነው። መረጃው የተገኘው ከወላጆች መልስ ነው፤ ችፌው ራሱ ችግሩን አመጣው ማለት አይደለም። እና ልጃችሁ ችፌ ስላለበት ብቻ ትምህርት ያቅተዋል ብላችሁ አትደምድሙ።

«ባለጌ ነው፣ አንድ ቦታ አይቀመጥም»

እንቅልፍ ያጣ ትልቅ ሰው ያንቀላፋል። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል፣ ይነጫነጫል፣ ሰው ይገፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቆዳው ይታከም፣ ሌሊቱ ይስተካከል። ያኔም ካልተለወጠ ስለ ትኩረቱ ሐኪም ማማከር ነው።

«አትከክ!»

ይህቺን ቃል በቀን አሥር ጊዜ እል ነበር። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየዋል። ልጁ ይሸማቀቃል፣ ትንሽ ቆይቶ በድብቅ ይቀጥላል። አሁን በውኃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ሰጥቼ «ጫን አድርገህ ያዘው» ነው የምለው። ከመስኮቱ ፀሐይም አነሳሁት፤ ሙቀትና ላብ ያብሰዋል። የሚኮሰኩሰውን የዩኒፎርም ሹራብ ከውስጥ በጥጥ ካናቴራ እንዲለብሰው ከእናቱ ጋር ተስማማን። ጥፍሩንም አጠር አድርጋ ትቆርጥለታለች።

«የአለርጂ ሽሮፕ ስጡት፣ ይተኛ»

ብዙ ቤት የሚሠራ ስህተት ነው። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቆዩ የአለርጂ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ እንጂ የችፌን ማሳከክ እምብዛም አያስታግሱም። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ ደግሞ እስከ ጠዋት ይቆያል። ልጁ ከሌሊቱ ድካም ላይ የመድኃኒት ድካም ተሸክሞ ይመጣና «ፈዛዛ» ይባላል። ሐኪም ካላዘዘ ከፋርማሲ እየገዙ ማታ ማታ መስጠት ይቅር።

«ስቴሮይድ ቆዳ ይበላል»

የተማሪዬ እናት በዚህ ፍርሃት ሐኪም ያዘዘላትን የስቴሮይድ ቅባት (የቆዳውን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ነው) ሁለት ቀን ቀብታ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ጎረቤቷ በተቃራኒው ክሎቤታሶል የሚባለውን ጠንካራ ቅባት የልጇ ፊት ላይ ለወራት ቀባች። ሁለቱም አያዋጣም። ቆዳ የሚያሳሳው ጠንካራውን ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ መቀባት ነው። በታዘዘው ጥንካሬ፣ በታዘዘው ቀን ልክ ሲቀባ ግን እሳቱን ያጠፋል። መጠኑ ቀላል ነው፦ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት፣ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ ለሚያህል ቦታ ይበቃል።

ከዚህ ጋር የየቀኑ ሥራ ቫዝሊን ነው። ቆዳው ደህና በሆነበት ቀንም አይቋረጥም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ገንዳ ሞልቶ መታጠብ ቅንጦት ነው፤ አንድ ሁለት ጆግ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ገላው በፎጣ ተጫን ተጫን ተደርጎ ይደርቅና፣ ርጥበቱ ሳይጠፋ ወዲያው ይቀባል። በታኅሣሥና ጥር ደረቅ ብርድ ይህን የዘለለ ቤት ማታውን ያየዋል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቆዳው ላይ መለጠፍ ግን ያቃጥላል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ቅባቱን ግን አይተው።

«ይጋባል፣ ለብቻው ይቀመጥ»

ችፌ አይጋባም። የሚጋባው እከክ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጣቶች መሀል ይወጣል፣ ቤተሰቡንም ያሳክካል። ማር የመሰለ ቅርፊት ወይም መግል ከታየ ደግሞ ቁስሉ ተመርዟልና ቶሎ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። አለርት ሆስፒታልን «የሥጋ ደዌ ነው» ብለው የሚሸሹ አሉ፤ ሌላ የቆዳ ሕመምም ያክማል። ሐኪም ሳያይ ወተትና እንቁላል መከልከልም ያው ስህተት ነው፤ ልጁን ያለ ምግብ ያስቀረዋል።

እናቱን ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ እንድትጽፍልኝ ጠይቄያት ነበር። ከወር በኋላ አንድ ገጽ ወረቀት አመጣችልኝ። መጀመሪያው ሳምንት 5፣ 4፣ 6 ይላል። ወደ ታች ሲሄድ 2፣ 1። መጨረሻ አካባቢ አንድ ቀን ባዶ ነው። መጻፍ ረስታ ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት።

«አይ ቲቸር» አለችኝ፣ «የዚያን ቀን እኔም ተኝቼ ነበር።»