ታይላንድን በበዓል ሰሞን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ብዙ ሰው ታይላንድ ሲያስብ መጀመሪያ ትኬት ይቆርጣል። ከዚያ ሆቴል ይይዛል። በመጨረሻ ነው "በዚያ ሰሞን ምን አለ?" ብሎ የሚጠይቀው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ታይላንድ በዓል የሚበዛባት አገር ናት፤ የባቡር ወንበር መገኘቱን፣ የአልጋ ዋጋውን፣ ሱቁ መከፈቱን፣ ልብሳችሁ ሳይርስ መዋሉን ሳይቀር በዓሉ ይወስነዋል። ስለዚህ በዓሉን አስቀድሙ፣ ከተማውና ቀኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

1. በዓሉን በጠባያችሁ ምረጡ

ግርግር የምትወዱ ከሆነ ምርጫው ሶንግክራን ነው። የታዮች ባህላዊ አዲስ ዓመት ሲሆን በየዓመቱ ከኤፕሪል 13 እስከ 15፣ በእኛ ከሚያዝያ 5 እስከ 7 ይከበራል። ቀኑ ስለማይቀያየር ለማቀድ ይመቻል። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ቱሪስቱ የሚያውቀው መንገድ ላይ ያለውን የውሃ ጦርነት ነው። የበዓሉ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ሰው ጠዋት ዋት ወደሚሉት የቡድሃ ገዳም ሄዶ ሐውልቱ ላይ የአበባ ውሃ ያፈሳል፣ ልጆች የወላጆቻቸውንና የአያቶቻቸውን እጅ በዚሁ ውሃ አርሰው ይመረቃሉ። አንዳንድ ገዳም ግቢ ውስጥ ደግሞ ሰዎች በባልዲ አሸዋ እያመጡ ትንንሽ ጉልላት ሲሠሩ ታያላችሁ። ዓመቱን ሙሉ በጫማቸው ሥር ይዘውት የወጡትን የገዳሙን አፈር እየመለሱ ነው። እኔ ከውሃው ጨዋታ ይልቅ ይኼ ይስበኛል።

ረጋ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ሎይ ክራቶንግ አለ። በታዮች የጨረቃ አቆጣጠር በ12ኛው ወር፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ምሽት ይከበራል። አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር ውስጥ ነው፤ ቀኑ ግን በየዓመቱ ይንሸራተታል፣ ሳታረጋግጡ ትኬት እንዳትቆርጡ። ሰዉ ክራቶንግ የምትባል፣ ከሙዝ ቅጠል የተሠራች ትንሽ ተንሳፋፊ ላይ ሻማ ያበራና ወንዝ ላይ ይለቃታል። በሰሜኑ ክፍል፣ በተለይ ቺያንግ ማይ፣ በዚያው ሰሞን ዪ ፔንግ የሚባል፣ ወደ ሰማይ የሚለቀቅ የወረቀት ፋኖስ በዓል አለ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ሰማዩን የሞላው ፋኖስ ከዚያ ነው።

ሁለቱንም ያየ ሰው ደግሞ ወደ ገጠሩ ይውጣ። ሎኢ ክፍለ ሀገር፣ ዳን ሳይ የምትባል ወረዳ ውስጥ ፒ ታ ኮን የሚባል የመናፍስት ጭምብል በዓል አለ፤ ጭምብሉ የሚሠራው ሩዝ በእንፋሎት ከሚበስልበት የቀርከሃ ቅርጫት ነው። ቀኑን የሚቆርጡት የአካባቢው መንፈስ ጠሪዎች ስለሆኑ ጁን ወይም ጁላይ ከማለት በላይ ቀድሞ መናገር ይከብዳል። ሜይ ላይ የያሶቶን ክፍለ ሀገር ሰው ዝናብ ለመለመን ትልልቅ ሮኬት ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ጁላይ ላይ ኡቦን ራቻታኒ በሰም ቅርጻ ቅርጽ ሰልፍ ይደምቃል። ለመጀመሪያ ጉዞ ግን አንድ በዓል ይበቃችኋል።

2. ከተማውን ለይታችሁ ያዙ

ለሶንግክራን ሁሉም ሰው ቺያንግ ማይ ይላችኋል። እውነት አላቸው፣ የአሮጌውን ከተማ ዙሪያ የከበበው ቦይ ዳር ያለው ጨዋታ ወደር የለውም፤ ከዋት ፍራ ሲንግ የሚወጣው የቡድሃ ሐውልትም በከተማው ሲዞር ሕዝቡ የአበባ ውሃ ያፈስለታል። የማይነግሯችሁ ነገር ጭሱን ነው። ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል በሰሜን ታይላንድ እርሻና ጫካ ስለሚቃጠል አየሩ ይበላሻል። አስም ያለበት ወይም ሕፃን የያዘ ሰው ባይሄድ ይሻላል። ለእሱ ባንኮክ አለለት፦ ሲሎም መንገድ ለመኪና ይዘጋል፣ ካዎ ሳን ደግሞ የወጣቱ ነው፣ ጆሮ ያደነቁራል። ከባንኮክ በባቡር አጭር መንገድ የምትርቀው አዩታያም ዝሆኖች በኩምቢያቸው ውሃ የሚረጩባት ከተማ ናት።

ለሎይ ክራቶንግ ከቺያንግ ማይ ይልቅ ሱኮታይን እመርጣለሁ። የጥንቱ መንግሥት ፍርስራሽ በ1991 የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ በበዓሉ ሰሞን በሻማና በመብራት ያሸበርቃል፣ ክራቶንጎቹም በፍርስራሹ መሃል ባሉት ኩሬዎች ላይ ይንሳፈፋሉ። ማረፊያችሁን አዲሱ ከተማ ሳይሆን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ያለው አሮጌው ከተማ አድርጉት፤ ብስክሌት ተከራይታችሁ ማታ ሳትቸገሩ ትመለሳላችሁ። የቺያንግ ማይን ፋኖስ ካላየሁ የሚል ደግሞ ይኼን ይወቅ፦ በሺህ የሚቆጠር ፋኖስ በአንዴ የሚለቀቅበት ዝግጅት ከከተማ ውጪ ነው፣ ትኬቱም ብዙ ሺህ ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ነው። ከተማ ውስጥ ፋኖስ መልቀቅ በሰዓትና በቦታ የተገደበ ነው። በዚያ ምሽት በረራ ስለሚሰረዝና ሰዓቱ ስለሚቀየር፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

3. ወረቀቱን ጨርሱ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። የቪዛው ደንብ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ወሬ ሳትሰሙ በታይላንድ መንግሥት የኢ-ቪዛ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጣችሁ እዚያው አመልክቱ። የገልፍ አገር ነዋሪዎች፣ ኢቃማችሁ (የመኖሪያ ፈቃዳችሁ) የፓስፖርቱን ቦታ አይተካም፣ የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለው ለጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል፤ ስንት ቀን እንደሚፈቀድለት ብቻ ይይ።

ከዚያ የቢጫ ወባ ክትባት። ታይላንድ የክትባት ካርድ ከምትጠይቃቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። የባንኮኩ አየር ማረፊያ ሱቫርናቡሚ ስትወርዱ ዝም ብላችሁ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ ጤና ቁጥጥሩ ዴስክ ሄዳችሁ ካርዳችሁን አሳዩና ማህተም አስመቱ፤ አለበለዚያ ረጅሙን ሰልፍ ጨርሳችሁ ትመለሳላችሁ።

ሌላው ዲጂታል የመግቢያ ካርዱ ነው። ከሜይ 2025 ጀምሮ ለማንኛውም የውጭ ዜጋ ግዴታ ሆኗል፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ኦንላይን ይሞላል። ነፃ ነው። ብር ክፈሉ የሚል ገጽ ካጋጠማችሁ ቶሎ ውጡ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። "ታይላንድ ጥሩ ሥራ አለ፣ በቱሪስት ቪዛ ግባ፣ ትኬቱን እኛ እንልካለን" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ በፍጹም እሺ አትበሉ። ማኤ ሶት በምትባለው የድንበር ከተማ በኩል ተሻግረው ምያንማር ውስጥ በማጭበርበሪያ ካምፖች የታገቱ ወገኖቻችንን ታሪክ ሰምታችኋል፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከተለቀቁት መካከል ኢትዮጵያውያን በብዛት ነበሩበት።

4. መጓጓዣውን ከሆቴሉ በፊት ያዙ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ባንኮክ በቀጥታ ይበራል። ለሕክምናም ለዕቃም ባንኮክ የሚመላለስ ሰው ስለማይጠፋ መረጃ ለማግኘት አትቸገሩም። ችግሩ ያለው ውስጥ ለውስጡ ጉዞ ላይ ነው። በሶንግክራን የባንኮክ ሠራተኛ ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይተማል። ባንኮክና ቺያንግ ማይ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ አልጋ ያለው የሌሊት ባቡር ጥሩ ነው፣ የበዓሉ ሰሞን ትኬት ግን ቶሎ ያልቃል። ከ2023 ጀምሮ ረጅም ርቀት የሚሄደው ባቡር የሚነሳው ከክሩንግ ቴፕ አፊዋት ጣቢያ ነው፣ ከድሮው ሁዋላምፎንግ አይደለም። ወደ ሱኮታይ የሚሄድ በባቡር እስከ ፒትሳኑሎክ ሄዶ ከዚያ አውቶቡስ ይይዛል።

ትኬቱ ላይ 2569 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ። በቡድሃ አቆጣጠር 2026 ማለት ነው። አቆጣጠራቸው ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማል፤ እኛ ወደ ኋላ፣ እነሱ ወደ ፊት። በሰዓት ግን እንገናኛለን፦ በባህላዊው አነጋገር "ኑንግ ቱም" ካሏችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ ልክ በእኛው ቆጠራ።

ሞተር ሳይክል አትከራዩ። ቢያንስ በሶንግክራን ሰሞን። ታዮቹ ራሳቸው "ሰባቱ አደገኛ ቀናት" ይሉታል፤ መንገዱ እርጥብ ነው፣ የሚጠጣው ብዙ ነው፣ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሞተረኞች ናቸው።

5. በዓሉ ዕለት

ሶንግክራን ላይ ከሆናችሁ፣ ሆቴላችሁ ከጨዋታው ቦታ በእግር የሚደረስ ይሁን። ውሃ የሚንጠባጠብበትን ሰው ታክሲ በደስታ አይጭንም። ስልኩን አንገት ላይ በሚንጠለጠል የፕላስቲክ ከረጢት አድርጉት፣ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። ፓስፖርቱን ሆቴል ተዉት። ቶሎ የሚደርቅ፣ ሲርስ የማያሳይ ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ቲሸርት አይሆንም። መነጽር ይኑራችሁ፣ የቦዩ ውሃ ንጹሕ አይደለም፣ አፋችሁንም ዝጉ። አንዳንዱ በረዶ የጨመረበት ውሃ ጀርባችሁ ላይ ሲደፋ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሆኖም መቆጣት የለም። ፊታችሁን ነጭ ጭቃ የሚመስል ነገር ቢቀቧችሁም ምርቃት ነው፣ ተቀበሉ። መነኩሴ፣ አዛውንት፣ ሕፃንና ሞተር ላይ ያለ ሰው ላይ ውሃ አይረጭም። "ሳዋዲ ፒ ማይ" በሏቸው፣ እንኳን አደረሳችሁ ነው።

ሎይ ክራቶንግ ላይ ከሆናችሁ ክራቶንጉን ራሳችሁ ሥሩት። ቀን ላይ በየገበያው የሚያሳዩ ሴቶች አሉ፣ ቁጭ ብላችሁ መማር ትችላላችሁ። ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው የሙዝ ግንድ ቁራጭ መሠረቱ ነው፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። የሙዝ ቅጠሉን በቀጭኑ ቀዳችሁ ጫፉን ወደ መሃል እያጠፋችሁ እንደ ቀንድ ታደርጉታላችሁ፤ ቅጠሉ ለዳቦ እንደምናነጥፈው ኮባ ነው፣ በፋይበሩ አቅጣጫ ካልተያዘ ይሰነጠቃል። ቀንዶቹን በስፒል ዙሪያውን ታያይዛላችሁ። መሃሉ ላይ አበባ፣ ሦስት ዕጣንና አንድ ሻማ ይተከላል። ብዙዎች ሳንቲም ይጨምራሉ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥፍሩንና ጥቂት ፀጉሩን ቆርጦ ያስቀምጣል፣ የዓመቱ ክፉ ነገር አብሮ እንዲሄድለት። ከዚያ ወንዙ ዳር ተንበርክኮ፣ ለተጠቀመበትና ላቆሸሸው ውሃ ሜ ኮንግካ የተባለችውን የውሃ እናት ይቅርታ ጠይቆ ይለቀዋል። ከፎም የተሠራውን አትግዙ። ይቅርታ እየጠየቁ ቆሻሻ መጣል ነው የሚሆነው።

6. ጾመኛ ከሆናችሁ

ሶንግክራን ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ወይም የፋሲካ ሰሞን ላይ ይወድቃል። በ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሆነ በዓሉ ጾም መሃል ነው። ደግነቱ መፍትሔ አለ። "ጄ" የሚባል የምግብ ዓይነት አላቸው፦ ሥጋ የለው፣ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ዓሣ የለው፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያለበትን ቤት ፈልጉ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም ኦክቶበር ላይ ፑኬት ውስጥ ዘጠኝ ቀን የሚቆይ የጄ በዓል አለ፤ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ይጾማል፣ ሰልፉ ላይ ግን ጉንጫቸውን በብረት የሚበሱ ሰዎች ስላሉ ደም የሚያስፈራው ይጠንቀቅ።

በተራው ምግብ ቤት አትክልት ብቻ ነው ያሏችሁ ወጥ ውስጥ የዓሣ መረቅ አይጠፋም። "ማይ ሳይ ናም ፕላ" በሉ፣ የዓሣ መረቅ አታድርጉበት ማለት ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍተውም።) ሙስሊም ለሆናችሁ ደቡቡ ምንም አያስቸግርም። ባንኮክ ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ ያለው የዓረቦች ሰፈርም ሐላል ሞልቶታል።

7. ነገር የሚያመጡትን እወቁ

ንጉሡንና ቤተሰቡን በተመለከተ ቀልድም ትችትም አያስፈልግም፣ ፌስቡክ ላይም ጭምር። ሕጉ ለአንድ ጥፋት እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሰዉ ባለበት ይቆማል፣ እናንተም ቁሙ። ገዳም ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ጫማ ይውለቅ። ሴቶች መነኩሴ አይነኩም። የሰው ራስ አይነካም፣ በእግርም ወደ ሐውልት አይጠቆምም። ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ሕገወጥ ስለሆነ ቤታችሁ ተዉት። ባንኮክ ውስጥ ደግሞ "ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ላሳያችሁ" የሚል የቱክቱክ (የባጃጅ) ሹፌር የሚወስዳችሁ ጌጣጌጥ መሸጫ ነው። በሩ ድረስ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

መመለሻችሁን በዓሉ ባለቀ ማግስት አታድርጉት። ወደ ባንኮክ የሚገባው መንገድ ሁሉ ይዘጋል፣ ባቡሩም ይሞላል። ሁለት ቀን ጨምራችሁ ቆዩ። ቺያንግ ማይ ያላችሁ ዶይ ሱቴፕ ተራራ ላይ ያለውን ገዳም ውጡበት፣ ሱኮታይ ያላችሁ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ከምናምን የሚያስኬደውን የሲ ሳቻናላይን ፍርስራሽ እዩበት፤ ከሱኮታይ ጋር አብሮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፣ ሰውም አይበዛበትም።