የመኪና ጣሪያ ልትቀቡ ነው? መጀመሪያ ውሃ የሚያቁርበትን እዩ

እዚህ ሐዋሳ አልጋና ማብሰያ የተገጠመላት ሚኒባስ አለችን። ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር ይዘናት እንወጣለን። የጣሪያዋን ውሃ መከላከያ ቀለም ስመርጥ ያወቅኩትን ላካፍላችሁ።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ውጡ። ውሃ የሚያቁርበት ቦታ ካለ ሲሊኮን የሚባለው የቀለም ዓይነት ይሻላል። ፀሐይ ቶሎ አይሰነጣጥቀውም፣ የተኛ ውሃም አይጎዳውም። አክሪሊክ የሚባለው ሌላው ዓይነት በዋጋ ይቀላል፤ ግን ውሃ ሲተኛበት ይለሰልስና ይላጣል። ውሃው ቶሎ ለሚወርድበት ጣሪያ ይበቃል። አንድ ነገር አደራ፦ ሲሊኮን አንዴ ከተቀባ በላዩ ከሲሊኮን ሌላ አይይዝም። ያገለገለ መኪና ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ምን እንደቀባ ጠይቁ።

ቀለሙ ነጭ ይሁን፣ ሙቀት ይመልሳል። የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እጥበቱ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ አቧራውን በደንብ ሳላጥብ ቀብቼ በአንድ ክረምት ተላጠብኝ። በሳሙና እጠቡ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። መጋጠሚያዎቹን በማሸጊያ ዝጉ። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በታኅሣሥ ወይም በጥር፣ ጠዋት፣ ጣሪያው ሳይግል።