ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን እዩ

አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ፍሬቻ ስታበሩ የፊት መብራቱ አብሮ ከደበዘዘ ወይም ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ፣ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ማሳውን እዩ፤ ከባትሪው ኔጋቲቭ ተነስቶ ቦዲውና ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ማለቴ ነው።

እኔ ለአሮጌ ኮሮላዬ ባትሪም፣ ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞም ቀይሬያለሁ። ጥፋቱ ግን ማሳው የሚታሰርበት አንድ የዛገ ብሎን ነበር። ገንዘቡ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ ያዙና ሌላ ሰው ያስነሳ። ሞተሪኖው ለማስነሳት ሲሞክር ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ችግሩ ማሳው ጋ ነው። ኔጋቲቩን ከባትሪው ፍቱ። የገመዱን ጫፍና የሚያርፍበትን ብረት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። አጥብቃችሁ እሰሩና ከላይ ትንሽ ግሪስ ቀቡት፤ ዝገቱ ቶሎ አይመለስም።