ኤልኤስ3 የገጠምኩለት የ1969 ካማሮ ሲሞቅ ጉልበት ያጣበት ምክንያት

የ1969 ሼቭሮሌት ካማሮ ላይ 6.2 ሊትር ኤልኤስ3 ሞተርና ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ገጥሜ፣ ባትሪውን ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛ አዛወርኩ። መኪናው ቀዝቃዛ ሳለ እንከን የለውም። ሞቆ የራዲያተሩ ቬንቲሌተር ሲነሳና የፊት መብራት ሲበራ ግን ኮምፒውተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ነዳጅ መርገጫው አይታዘዝም። አጥፍቼ ሳስነሳው ደግሞ ሞተሪኖው ያቃስታል።

የመርገጫውን ሴንሰር ቀየርኩ። ስሮትሉን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን በር) አጸዳሁ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አራት ቀን አለቀ፣ ለውጥ የለም።

መልሱ የተገኘው በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ቀዩን ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ይዤ ወንድሜ ሞተሪኖውን ሲያዞር 1.4 ቮልት አነበብኩ። ከ0.5 በላይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ታንቋል ማለት ነው።

የዚህ ካማሮ የፊት ሻሲ ከቦዲው ጋር በብሎን የሚታሰር ራሱን የቻለ ክፍል ነው፤ በመካከላቸው ጎማ አለ። እኔ የሞተሩን ኔጌቲቭ ሻሲው ላይ፣ የባትሪውን ቦዲው ላይ አስሬ ነበር። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው አዲስ ቀለም በጠጡ ብሎኖችና በቀጫጭን ሽቦዎች በኩል ነበር፤ ቬንቲሌተሩና መብራቱ ሲበሩ ኮምፒውተሩን ያሳሳተው ይኸው ነው።

ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብሎክ ወፍራም የመዳብ ገመድ በቀጥታ ዘረጋሁ፤ እዚህ ላይ በገመዱ ውፍረት አትቆጥቡ። ከሞተሩ ወደ ቦዲውም የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ጨመርኩ። በየማሰሪያው ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ሲያበራ ጥርስ ባለው ሮንዴላ አጠበቅሁ፤ እንዳይዝግም ከላይ ቅባት ቀባሁ።

አሁን ንባቡ 0.15 ቮልት ነው። ቬንቲሌተሩም መብራቱም በርተው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሠራ፤ መርገጫው በነካሁት ቁጥር ይታዘዛል።