ለእናቴ ፖድካስት የምጭነው እንዲህ ነው

እናቴ ስማርት ስልክ አትወድም፤ ፖድካስት ግን ነፍሷ ነው። በየእሁዱ ትንሿን ኤምፒስሪ ማጫወቻዋን እሞላላታለሁ።

መጀመሪያ ክፍሎቹን ኮምፒውተር ላይ አውርዱ። ንግግር ብቻ ከሆነ በኦዳሲቲ (ነፃ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው) ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ የድምፅ መስመር፣ ቀይራችሁ በሰከንድ 64 ኪሎቢት አድርጋችሁ በኤምፒስሪ አስቀምጡት። የ1 ሰዓት ወሬ 29 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ይይዛል።

የፋይሉ ስም ላይ ጊዜ ስጡ። የእሷ ማጫወቻ የአማርኛን ፊደል ባዶ ሳጥን አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «01»፣ «02» እያልኩ እሰይማለሁ። ዜሮዋን አትርሱ፤ ያለሷ በብዙ ማጫወቻ 10ኛው ከ2ኛው ይቀድማል።

ከዚያ ማጫወቻውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙ፤ የፖድካስት ፎልደር ካለው ፋይሎቹን እዚያ ክተቱ። ብዙውን ጊዜ ያቆማችሁበትን የሚያስታውሰው እዚያ ያለውን ነው። እናቴ ጀበናው ሊገነፍል ሲል ማጫወቻውን አጥፍታ ትነሳለች፤ ስትመለስ ካቆመችበት ይቀጥልላታል።

ገመዱን ከመንቀላችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» (አስወጣ) የሚለውን ተጫኑ።